ሽሮ ሜዳ ያለችው ልጅ

ዕቅድ ማውጣት እወዳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ካርታ ሳይዘረጋ ሽንኩርት ሊገዛ አይወጣም። ስለዚህ አባቴን ለዓይኑ አዲስ አበባ እንድወስደው ተነግሮኝ ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት መሆኑን ስሰማ፣ መጀመሪያ የታየኝ ሐኪም ቤቱ ሳይሆን ከሰኞ በፊት ያለው እሑድ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአርባ ምንጭ ተነስተን አመሻሽ ላይ እንገባለን። እሑድ ሙሉ ቀን የእኛ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ትልቅ ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ። ከደብተር መሐል ሁለት ገጽ ገንጥዬ ከላይ «የእሑድ ጉብኝት» ብዬ ጻፍኩና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ጣቶቹ አሁንም ሸማኔ ናቸው፤ ጨርቅ ካገኙ ድሩን ከማጉ ለይተው ሳይዳብሱ አይተዉም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከጨንቻ አውርጄው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ሙቀቱን አልወደደውም። ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ተቀምጦ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ይውላል። ዓይኑ የሄደው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ የሰው ፊት፣ ከዚያ የደረጃው ጠርዝ። ዛሬ የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ያኔ ግን ገና ቀለም ያይ ነበር። ሰው ምን ሆነህ ነው ሲለው «የጨንቻ ጭጋግ ተከትላኝ ወርዳ ዓይኔ ገባች» ይላል። አማርኛን የተማረው ጎልማሳ ሆኖ አዲስ አበባ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይለትም፤ ጭጋጓም፣ አውቶቡሷም፣ ሐኪሟም ሁሉም ሴት ናቸው። ሐኪሟ ጺማም ነበር።

ያ ጺማም ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው እንዳይሄድ ደግሞ አዲስ አበባ የሚቻለውን እንደሚሞክሩ፣ ግን ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑዱ ዕረፍት ነሳኝ። አባቴ በዓይኑ የሚያየው የመጨረሻ ነገር የባጃጅ አቧራ እንዲሆን አልፈለግሁም።

አዲስ አበባንማ ያውቃት የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ኖሮባታል። እኔ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ እንደ ብዙ የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ ሽሮ ሜዳ ገብቶ ሸማ ሊሠራ ሄደ፤ ቤቱ የሚመለሰው በዓመት አንዴ ለመስቀል ነበር። የጓደኞቼም አባቶች ለመስቀል ይመጣሉ፤ የእነሱ ግን ወሬ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ ሰው በሳጥን ሆኖ ፎቅ ሲወጣ አይቷል፤ ሌላው አንበሳ ሲያገሳ ሰምቷል። እኔ አባቴ ጉልበት ላይ ተቀምጬ «አንተስ ምን አየህ?» ስለው ትንሽ ያስብና «እግር» ይላል። በቃ፣ እግር። ይህንን ለጓደኞቼ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ወሬ ባያመጣም ቀሚስ ያመጣል። መስቀል አልፎ ሊመለስ ሲል ግድግዳ አስደግፎ ያቆመኛል። ከኪሱ ክር አውጥቶ ጫፉን በተረከዜ ያስረግጠኝና በጀርባዬ አሳልፎ እስከ አናቴ ይወስደዋል፤ እዚያ ላይ ይቋጥረዋል። ክሩን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። በዓመቱ በዚያ ክር ልክ የተሰፋ፣ ራሱ የሸመነው ባለ ጥለት ቀሚስ ይዞልኝ ይመጣል። ችግሩ እኔ በዓመቱ ያቺው ልጅ አይደለሁም። ቀሚሱ ልክ የሚሆነው ለዓምናዋ ነው። ጉልበቴ እየታየ ደመራው ዘንድ ስደርስ ልጆቹ «ዓምና! ዓምና መጣች!» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ጨንቻ ገበያ ውስጥ ዓምና ብሎ የሚጠራኝ ሰው አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ቀሚሶቹ ድንገት ልክ መሆን ጀመሩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቁጭ። እናቴ «እጁ ለመደ» አለች። እኔም አመንኳት።

እንግዲህ ሐሳቤ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ እግር ብቻ ያየ ሰው በአንድ እሑድ የቀረውን እንዲያይ ነበር። የራሴም ቂም አለበት፤ አልደብቅም። አባቴን የወሰደችብኝ ከተማ ምን እንዳላት አንድ በአንድ አውጥታ እንድታሳየው ፈልጌ ነበር። ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩ፣ ሄደው የመጡትን ጠየቅሁ፣ ሰባት ቦታ መረጥኩ። መጀመሪያ እንጦጦ፤ ከዚያ የጥንት አጥንት ያለበት ሙዚየም፣ አንበሶቹ፣ አዲሱ መናፈሻ፣ የከተማው ባቡር፣ መርካቶ፣ በመጨረሻም ሲመሽ የመንገዱ መብራት። ለእያንዳንዱ ሰዓት ሰጠሁት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄጃ ሃያ ሃያ ደቂቃ መደብኩ። አዲስ አበባን በሃያ ደቂቃ የሚያቋርጥ ሰው ከአርባ ምንጭ ብቻ ነው የሚመጣው።

የአባቴንም እርምጃ ለክቼ ነበር። አንድ ጠዋት ከቤታችን እስከ ሲቀላ አደባባይ አብሬው ሄድኩ፤ ስልኬ ሰዓት ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ይበቃል ያልኩት መንገድ አርባ ፈጀ። መንገዱ ርቆበት አይደለም፤ ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ቆሞ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሰውየውን በድምፁ እስኪለየው ደግሞ ሌላ ጊዜ ይሄዳል። ወረቀቴ ላይ «በአዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ይፈጥናል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ስር አጠገቡ ተቀምጬ ዕቅዱን አነበብኩለት። ቤት ውስጥ የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ የአዲስ አበባ ነገር ሲነሳ ግን እሱ ራሱ ወደ አማርኛ ይዞራል። ከተማዋን የሚያስባት በአማርኛ ነው መሰለኝ። እንጦጦ ስል ብቻ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላውን ዝም ብሎ አዳመጠ። ስጨርስ፣ ለወጉ ያህል፣

«አንተስ አባዬ፣ ምን መጎብኘት ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ከተማ ትጎበኛለች እንዴ?» አለኝ ከልቡ ተገርሞ። «የሚጎበኘው ሰው ነው። የታመመች፣ የወለደች፣ ርቃ የቆየች።»

አልተሳሳተም፤ ቃሉ ለቱሪስትም ለዘመድ ጠያቂም ይሆናል። አባቴ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሳቅ አልኩና፣

«እሺ፣ ታዲያ ማንን ትጎበኛለህ?» አልኩት።

«ልጅቷን።»

«የቷን ልጅ?»

«ሽሮ ሜዳ ያለችውን። ልጄን ነዋ።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «እናትሽ አልነገረችሽም?»

ክፍል ውስጥ ያልጠበቅሁት ነገር ሲገጥመኝ እንደማደርገው ድምፄን ሳልለውጥ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ምን ያህል ትሆናለች?» አልኩት። እጁን አንስቶ አየር ላይ አቆመው፤ የአንዲት አሥራ አምስት ዓመት ልጅ አናት ላይ እንዳሳረፈ ያህል። «ትቼያት ስመጣ እስከዚህ ትደርስ ነበር» አለና ፈገግ አለ። ያቃጠለኝ ፈገግታው ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሁለት ቤት አለው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የሰው አባት ሲሆን እስቅ ነበር። አሁን ወጥ እያማሰልኩ፣ የተማሪ ፈተና እያረምኩ የድሮውን ሁሉ መልሼ ሳገላብጠው ሁሉም ይገጥማል። አንድ መስቀል ላይ እናቴ እጁን ስታስታጥበው «ያችኛዋስ ደህና ናት?» ብላው ሁለቱም የሳቁት ትዝ አለኝ። ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ችላው ነው የሞተችው። ቀሚሶቹስ? በአንድ ጊዜ ልክ የሆኑት እንዲያው በባዶ ነው? እዚያ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እላይዋ ላይ እያደረገ የሚለካባት ልጅ ነበረቻ። እኔን በዓመት አንዴ በክር፣ እሷን በየቀኑ በዓይኑ። አንዳንዴ ራሴን ላጽናና ብዬ፣ አባቴ ወንድና ሴት ስለማይለይ ልጅቷ ወንድ ትሆን ይሆናል እላለሁ። ከዚያ ይህ ምኑ እንደሚያጽናና ይጠፋኛል።

ለምን በግልጽ አልጠየቅሽውም የሚለኝ ይኖራል። ልጅ አባቷን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አትጠይቅም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ግን መልሱን ፈርቼ ነው። አንድያ ልጁ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አባት ባይኖረኝም፣ ሲመጣ የሚመጣው ለእኔ ነው ብዬ ነበር ያደግሁት። በስተርጅና ይህ ከእጄ እንዳይወጣ ፈራሁ።

ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ፤ ዕቅዱን አሻሻልኩት። በመጀመሪያው ላይ ከምሳ በኋላ የዕረፍት ሰዓት ነበረ፤ ሰረዝኩት። እዚህም እዚያም ትርፍ ደቂቃ ነበረች፤ ሁለት ሐውልትና አንድ ገበያ ጨምሬ ሞላኋት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መርፌ ማስገቢያ ቀዳዳ አልተውኩም። ሽሮ ሜዳ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። አባቴ በየሁለት ቀኑ «ልጅቷን ጻፍሻት?» ይለኛል። «ጊዜ ከተረፈን» እለዋለሁ፤ እንዳይተርፍ እኔው እየደከምኩ።

ከቤታችን ፊት ለፊት የጅምላ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ለስኳርና ለሳሙና መርካቶ የሚመላለሱ ሰው ናቸው፤ የአዲስ አበባን መንገድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም። ወረቀቱን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣

«ቲቸር፣ ይሄ ጉብኝት ነው ዘመቻ?» አሉኝ።

«አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ እኮ ነው ሐጂ።»

«አንድ ቀን መሆኑማ ገብቶኛል። አባባ የት ላይ ነው የሚቀመጡት? ይህን ሁሉ ስትጽፊ ሽንት ቤት የምትል አንዲት መስመር አላየሁም።» እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ከነዚህ ውስጥ እሳቸው የመረጡት የትኛውን ነው?»

«ሁሉንም ወደውታል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና ወረቀቱን መለሱልኝ። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ ነበርና ወደ እሱ ዞሩ። የተዛባ ሚዛን ከሩቅ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የእኔንም ያወቁብኝ መሰለኝ።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን አባቴ የሙዝ አገር ከሆነችው ላንቴ ሄጄ ሙዝ እንድገዛ አዘዘኝ። «ለማን?» ስለው «ለቤቷ ሰዎች ነዋ፤ ባዶ እጅ አይገባም» አለ። ሄድኩ። ገበሬው ለመንገድ የሚሆን በሰል ያለውን ሊቆርጥልኝ ሲል አይሆንም ብዬ ገና ድንጋይ የሆነውን አስቆረጥኩ። ትጠብቃ፣ አልኩ በሆዴ፤ እኔም ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ወደ ሃምሳ የተጠጋች መምህርት በሙዝ ስትበቀል ያየ ሰው አልነበረም፤ አሁን እናንተ አወቃችሁ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ አባቴ እንደ ልጅ ነበር። መስኮቱ ዘንድ ተቀምጦ ማየት ያቃተውን ሁሉ እኔን ይጠይቃል። የአባያ ሐይቅ አለፈች? ሶዶ ደረስን? ተራራዋ በየት በኩል ናት? እመልስለታለሁ፤ በአጭሩ። ከግማሽ መንገድ በኋላ ዝም ብሎ ሲስቅ ያዝኩት።

«ምን ያስቅሃል?»

«ስታዪያት ምን እንደምትይ እያሰብኩ ነው።»

«ማንን ነው የምትመስለው?» አልኩት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ።

«አንቺን ነዋ! ሌላ ማንን ልትመስል ኖሯል?»

ከዚያ በኋላ እስክንገባ ድረስ ያንቀላፋሁ መስዬ ተጓዝኩ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን አደርን። እሑድ ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይወርድ ቅዳሴ ካልሰማሁ አለ። ቅዳሴው ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ሲያልቅ ረፍዶ ነበርና እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ አንበሶቹንና አንዱን ሐውልት ሰረዝኩ። ሙዙን ፔንሲዮን እንተወው ስለው እምቢ ስላለ ጆንያውን ተሸክሜ ነው የምዞረው። ሦስት ቀን በጆንያ ታፍኖ ቢጫ መጥቶበታል። በቀልም አልሆነልኝም።

እንጦጦን መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት ጠዋት አየሩ ጥሩ ስለሆነ ነው። ዝርዝሩ ባይታየው እንኳ ከላይ ሆኖ የከተማዋን ስፋት ይገምታል ብዬ ነበር። ታክሲው ሞልቶ ዳገቱን ተያያዘው። አባቴ መስኮቱ ዘንድ ነው፣ እኔ ከጎኑ፣ ሙዙ እግራችን ስር። ትንሽ እንደሄድን አንገቱን ዘንበል አደረገ። ዳገቱን በመቀመጫው እየለካው ይመስል ነበር። መስኮቱን ገፋ አድርጎ ከፈተው። እኔ ቀሚስና ነጠላ የሰቀሉ ሱቆች ተራ በተራ ሲያልፉ አያለሁ፤ እሱ ምን እንደሰማ፣ ምን እንደሸተተው አላውቅም። ድንገት፣ በሌላ ድምፅ፣ የአርባ ዓመት ሰው በሚመስል ድምፅ፣

«ወራጅ አለ!» አለ።

ታክሲው ቆመ።

«አባዬ፣ ገና ነን፤ እንጦጦ እኮ አልደረስንም።»

«እኔ ደርሻለሁ» አለኝ፣ እግሩን ወደ መውረጃው እየዘረጋ።

ወርደን ቆምን። ቀና ብዬ የአንድ ሱቅ ሰሌዳ አነበብኩ፤ ሽሮ ሜዳ ይላል። ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የሚያልፈው በሽሮ ሜዳ በኩል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ያስተማርኩ ሰው ሽሮ ሜዳን ከወረቀት ላይ ሳወጣት ከመንገድ ላይ እንዳላወጣኋት ሳላይ ቀረሁ። ዕቅዱን ሳነብለት አባቴ እንጦጦ ላይ ለምን ራሱን እንደነቀነቀ ያኔ ገባኝ።

እጁን ያዝኩት። ለማላውቃት እህቴ በሯ ላይ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ በጥሩ አማርኛ፣ በትሕትና፣ ግን ለብዙ ቀን የሚያም ነገር። አባቴ ዓይኑን ትቶ እግሩን አምኖ ይሄዳል። «ቁልቁለቷ መጣች? ቦይዋስ?» ይለኛል። ቦዩ ኮንክሪት ለብሷል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፎቅ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ዞረን ያው ቦታ ተመለስን። ይኸው፣ በቃ፣ ጠፋች፣ እንሂድ ልለው ስል አባቴ መሐል መንገዱ ላይ ቆመና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በጋሞኛ እንደምን አደራችሁ አለ። ከሦስት ግቢ መልስ መጣ።

ነጠላውን የለበሰ አንድ ጎልማሳ ከአንዱ ግቢ ወጣ፤ እሱም ሸማኔ ነው፣ የደጋው ልጅ። አባቴ የድሮዋን አከራዩን ስም ሲጠራለት «እሷማ ሞታለች፤ ቤቷ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» አለና በእጁ ይዞት ገባ።

ቤቱ የጭቃ ነው፤ አንድ ክፍል። በሩ አጠገብ የሸማኔ ጉድጓድ አለ፤ እሑድ ስለሆነ የተጀመረው ሸማ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሸማኔ አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ዓይኑ ከደጁ ብዙ ከፍ አይልም። ዝቅ ብዬ ቀን ሙሉ ምን እንደሚታይ ለማወቅ በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ሰዎች ያልፋሉ። የሚታየው እግር ነው።

ዙሪያውን ቃኘሁ። ሴት የለችም። የጎልማሳው ሚስት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ልጆቹ ሁለት ወንዶች ናቸው አለን። አባቴ ሰላምታውን ጨርሶ ሙዙን ካስረከበ በኋላ፣ ሳልመራው፣ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ከጎኑ ጣሪያውን የያዘ ምሰሶ አለ። በሁለት እጁ ያዘውና ከታች ጀምሮ በጣቶቹ ይዳብሰው ጀመር። ከወገቡ ትንሽ ከፍ እንዳለ እጁ ቆመ።

«አለች» አለ።

ቀረብኩ። ምሰሶው ላይ በቢላ የተቆረጠ ምልክት አለ። ከእሱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሌላ። ከዚያ በላይ ሌላ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።

«እኛ እኮ የድሮ ሸማኔዎች ያኖሩት የነጠላ ልክ መስሎን» አለ ጎልማሳው እየሳቀ። «ስንት ዘመን ለካንባት።»

«የነጠላ አይደለችም፤ የልጄ ናት» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ክሯ ትበጠስብኛለች ብዬ ፈራሁ። ከጨንቻ በመጣሁ ቁጥር እዚህች ላይ ዘርግቼ፣ አናትሽ ያለችበትን በቢላ ቆረጥኩ። በየዓመቱ ትጨምራለች። እየሠራሁ ቀና ስል አጠገቤ ቆማለች። አንቺ ጨንቻ ነበርሽ፤ ልጅቷ ግን ከእኔ ጋር ነበር የምትውለው። እናትሽ እነግራታለሁ ብላኝ ነበር።»

«ቀሚሱስ?» አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«መጀመሪያ ሞኝ ነበርኩ። ባመጣኋት ክር አሰፋሁ፤ አጠረችብሽ። በኋላ ከዚህች እስከዚህች ስንት ጣት እንደሆነች ለካሁ። በዓመት አራት ጣት ነበር የምታድጊው። አራት ጣት አስጨመርኩ።» ጣቶቹን ምልክቶቹ መሐል አድርጎ አሳየኝ። «ከዚያ ወዲህ አጥራብሽ ታውቃለች?»

አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠላኋት ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ለእሷ ነው ጥሬ ሙዝ ያስቆረጥኩት።

«ቁሚ» አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ፣ እንደ ድሮው፣ ጀርባዬን ምሰሶው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። እጁ አናቴን ፈለገ፣ አገኘው፣ በላዩ ላይ አረፈ። በሌላው እጁ የመጨረሻውን ምልክት ያዘና መሐሉን በጣቶቹ ቆጠረ።

«ሦስት ጣት ጨምረሻል» አለ፤ ሊያሰፋልኝ እንዳሰበ ሰው። ጎልማሳውን ቢላ ለመነው። ዓይኑ ወደ ጣሪያው እያየ፣ አሥራ ሁለተኛዋን ቆረጠ። አልጠመመችም።

ቢላውን መለሰና የእንጨቱን ብናኝ ከእጁ አራገፈ።

«እንግዲህ እሷን ጎበኘን» አለኝ። «ወረቀትሽን አውጪ እስቲ። ቀጥሎ ማን አለ?»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁት። በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ በቀይ ያሰመርኩበት ፊደል አልታይ አለኝ።

«አይታየኝም አባዬ» አልኩት።

«ግድ የለም» አለ፣ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ እየመራኝ። «መንገዷን እኔ አውቃታለሁ።»